«ጫማህን አድርግ» ሲባል ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ልጅ፦ ምን ይደረግ?

ጠዋት_ሁለት_ሰዓት፦
ጤና ይስጥልኝ። ልጁ 7 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም እንዳለበት በ4 ዓመቱ በምርመራ ታውቋል። አፉን የፈታው በጊዜው ነው፣ ንግግሩም ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማንኛውም ነገር «አድርግ» ሲባል ነው፤ የሚወደው ነገር እንኳ ቢሆን። መዋኘት ነፍሱ ነው፤ «በል ተነሥ፣ ልንሄድ ነው» ከተባለ ግን ይቀራል። መጀመሪያ ወሬ ይቀይራል። ቀጥሎ «እግሬ ዛሬ አይሠራም»፣ «እኔ ድመት ነኝ፣ ድመት ጫማ አታደርግም» ይላል። ሲደገምበት ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲባል ጩኸትና ዕቃ መወርወር ነው።

የተሞከረው፦ የኮከብ ሰንጠረዥ (የተባለውን ሲያደርግ ኮከብ የሚለጠፍለት፤ 4 ቀን ሠራ፣ በ5ኛው ራሱ ቀደደው)፣ እስከ 3 መቁጠር፣ በሥዕል የተዘጋጀ የቀን መርሐ ግብር (ከግድግዳው ነቀለው)፣ ታብሌት መከልከል። ትምህርት ቤት ደግሞ «ጨዋ ነው፣ ምንም ችግር የለበትም» ይላሉ። ይሄ እልህ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ጠዋት ላይ ከየት ልጀምር?

ቀስ_በቀስ፦
የዘረዘሩት ነገር በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። ስሙን ያወጣችለት እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤልዛቤት ኒውሰን ናት። በ1980ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኖቲንግሃም ውስጥ ከምታያቸው ልጆች መካከል ኦቲዝምን የሚመስል፣ ግን ከተለመደው መልኩ ወጣ ያለ ነገር የሚያሳዩትን ለየች፤ ዋናው ጽሑፍ የታተመው በ2003 ነው። በአጭሩ ፒ.ዲ.ኤ. ይባላል። የመጀመሪያው ፊደል «ሕመም የሆነ» የሚል ቃል ስለሚወክል ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች ስሙን አይወዱትም። እኔ እዚህ «የግዴታ ሽሽት» እለዋለሁ።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ በሆነው ዲ.ኤስ.ኤም. 5 (2013) ውስጥም ሆነ በጥር 2022 ሥራ ላይ በዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ፣ አይ.ሲ.ዲ. 11 ውስጥ ራሱን የቻለ ምርመራ ሆኖ አልገባም። የኦቲዝም አንዱ መልክ ነው የሚሉ አሉ፤ ኦቲዝም ላይ ጭንቀት ሲደረብ የሚመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተቋጨም። በ2014 የወጣ 26 ጥያቄ ያለው የወላጅ መጠይቅ አለ፤ ለምርምር የተሠራ ስለሆነ ነጥብ ደምሮ «አለበት፣ የለበትም» ለማለት አይሆንም። ስያሜው ባይሰጠውም አያያዙን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ እልህ አይመስለኝም። እልኸኛ ልጅ የሚፈልገውን ለማግኘት ነው የሚታገለው። ይሄ ልጅ የሚፈልገውን መዋኛ ነው እየተወ ያለው። ውስጡ ያለው «ነገሩ ከእጄ ወጣ» የሚል ድንጋጤ ነው። ትዕዛዙ ሲደርሰው ሰውነቱ እንደ አደጋ ይቀበለዋል፤ ሰበቡም፣ ድመት መሆኑም፣ ጠረጴዛ ሥር መግባቱም ማምለጫ መንገዶች ናቸው። ልብ ይበሉ፣ መጀመሪያ የሚጠቀመው በጣም ጨዋ የሆነውን መንገድ ነው፦ ወሬ መቀየር። ዕቃ መወርወር የመጣው የቀደሙት ሁለት ሦስቱ ስላልሠሩለት ነው። ስለዚህ ሥራችሁ መሆን ያለበት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው።

ግን ከመደምደማችሁ በፊት፣ የሚመሳሰሉ ነገሮች ስላሉ ለዩ፦

የስሜት ሕዋስ ጉዳይ ከሆነ ዕቃው ሲቀየር እምቢታው ይጠፋል። የካልሲው ስፌት ጣቱን እየቆረቆረው ከሆነ ስፌት የሌለው ካልሲ ይሞክሩ፤ ያለ ጭቅጭቅ ካደረገ መልሱን አገኙ።

መጀመር አለመቻልም ሌላ ነገር ነው። ኦቲስቲክ ልጅ እየፈለገ እንኳ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሸጋገር ሊያቅተው ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ጫማው በእጁ ሲቀመጥለት ወይም የመጀመሪያው እግር ሲገባለት ቀሪውን ይጨርሳል። የግዴታ ሽሽት ያለበት ግን እንዲህ ሲረዳ ይብስበታል።

ያልገባው ከሆነ ቃል ሳይወጣ በእጅ ሲያሳዩት ይሠራል።

የግዴታ ሽሽት ዋና ምልክቱ ያንኑ ነገር ማንም ሳይነግረው ሲቀር በሰላም ማድረጉ፣ ሲነገረው ግን አለማድረጉ ነው። ለ2 ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ፦ ሰዓት፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ከዚያ በፊት ይሠራ የነበረው፣ የሰጠው መልስ፣ የሌሊት እንቅልፉ። ልጁ ፊት አይጻፉ፤ መታየት ራሱ ጫና ነው።

ሰማያዊ_እርሳስ፦
የሙያ ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲችል የሚረዳ ሕክምና) ላይ ነው የምሠራው፤ ጠዋቱን ለእኔ ተዉልኝ።

«ጫማህን አድርግና እንውጣ» አንድ ትዕዛዝ ይመስላል። እንቁጠረው፦ የያዝከውን ተው፤ ወደ እኔ ዙር፤ ተነሥ፤ ወደ በሩ ና፤ ካልሲ ፈልግ፤ ስፌቱን ቻል፤ የቀኙን ከግራው ለይ፤ እሰር፤ ቶሎ በል፤ ከቤት ውጣ፤ በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ መልስ ስጠኝ። አሥራ አንድ። እሱ የሚሰማው አሥራ አንዱንም ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነው። ከእንቅልፉ ከሚነሣበት እስከ በሩ ድረስ፣ ድርጊት ወይም መልስ የሚጠይቅ ነገር በተናገሩ ቁጥር ኪስዎ ባለ ወረቀት ላይ ጭረት ያድርጉ። «ተኛህ?»፣ «ደኅና አደርክ በል እንጂ»፣ «እዚህ ተመልከት» ሁሉም ይቆጠራል። 30 ወይም 40 ቢመጣ አይደንግጡ። 3 ቀን ይቁጠሩ፣ ከዚያ በግማሽ ይቀንሱ። የሚቀንሱት ልጁን በማስተማር ሳይሆን ዕቃውንና ሰዓቱን በማስተካከል ነው፦

የነገውን ቲሸርት ማታ ለብሶ ይደር፤ የሚጎዳው ነገር የለም። ክር ያለው ጫማ ቀርቶ የሚጣበቅ ይሁን። ጫማው በሩ አጠገብ፣ አፉ ወደ ውጭ ዞሮ ይቀመጥ፤ ስለ ጫማው ማንም ቃል አይናገር። ሳያደርግ ከወጣ ጫማው በቦርሳ ይከተለው፤ መሬቱን ሲረግጥ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠይቃል። ቦርሳውን እናንተው አዘጋጁ። ጥርስ መቦረሽ የግድ ጠዋት 1፡30 ላይ፣ የግድ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መሆን የለበትም። የሚያቃጥለው የሚንት ጣዕሙ ከሆነ ጣዕም የሌለውና አረፋ የማያወጣ የጥርስ ሳሙና አለ። እስከዚያ በውኃ ብቻ በረጠበ ለስላሳ ብሩሽ መቦረሽ ከምንም ይሻላል።

ቀጥሎ ግዴታዎችን በ3 ክፈሏቸው። አንደኛው የደኅንነት ነው፦ መንገድ ላይ አለመሮጥ፣ የመኪና ቀበቶ፣ ሰው አለመምታት፣ የታዘዘ መድኃኒት። ሁለተኛው የሚደራደሩበት። ሦስተኛው ለአሁኑ ሙሉ በሙሉ የሚተው። በጣም የተለመደው ስሕተት አንደኛው ላይ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጽፍ 12 ነገር ይዘረዝራል። ከ4 ካለፈ አልከፈላችሁትም ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መብላት፣ ሰላምታ መስጠት፣ ፀጉር ማበጠር ከደኅንነት ዝርዝር ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ስለነቀለው መርሐ ግብር፦ ግድግዳ ላይ 8 ሥዕል ማለት ቀኑን ሙሉ የሚያፈጡበት 8 ትዕዛዞች ናቸው። ብዙ ኦቲስቲክ ልጆች ቀጣዩን ማወቅ ያረጋጋቸዋል፤ ይሄም ልጅ ማወቁን ይፈልገዋል፣ የሚከብደው መታዘዙ ነው። 2 ወይም 3 ካርድ በቂ ነው፤ እሱ የሚያንቀሳቅሳቸው፣ አንዱ ባዶ የሆነ። የሚያሳዩትም የእሱን ተግባር ሳይሆን የሚሆነውን ነገር ይሁን፦ መኪናው፣ መዋኛው፣ ማታ ቤት። «ካርድህን ተመልከት» ካሉ ሁሉም ፈረሰ።

ጆሮ_ዳባ፦
የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ከላይ በተባለው ላይ ቋንቋውን ልጨምር፤ አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። የቤት ውስጥ ንግግራችን በትዕዛዝ አንቀጽ የተሞላ ነው፦ ና፣ በል፣ ተው፣ ያዝ፣ እንካ፣ ተነሥ። ብዙዎቹን እንደ ትዕዛዝ አንቆጥራቸውም። «በል እሺ» ብለን ስንጀምር ልጁ ገና ቀጣዩን ሳይሰማ ተዘግቷል። «እንልበስ» ብሎ ራስን ማስገባትም አይፈታውም። «አትለብስም እንዴ?» ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፣ ትዕዛዝም ወቀሳም ነው።

የሚሻለው የሆነውን ነገር መናገርና መተው ነው። «ጫማህን አድርግ» በሚለው ፋንታ «ውጭው ረጥቧል» ወይም ለራስ እንደሚያወሩ «ሰማያዊዎቹ ጫማዎች በሩ ጋ ናቸው።» ከዚያ ዝም። በሆድ እስከ 15 መቁጠር፣ ፊትን አዙሮ የራስን ቦርሳ መዝጋት። የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይሄ ክፍል ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን በትክክል ብለው፣ ቆመው ካፈጠጡበት ቃሉ ተቀየረ እንጂ ትዕዛዙ ያው ነው። 5 ሰከንድ ሳይሞላ መድገምም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ «እሺ?» አትጨምሩ።

ድመቱን አትጣሉት። ልጁ ራሱ ያመጣላችሁ መንገድ ነው። «ድመት አይደለህም» ማለት አንድ ተጨማሪ ትዕዛዝ ነው። «ይቺ ድመት መዳፏ እንዳይረጥብ ምን ታደርግ ይሆን…» ብሎ መልሱን ለእሱ መተው ይሻላል። ካልሠራ ግን ጨዋታውን አታክርሩት፤ ድመቷን ለማጥመጃ እንደተጠቀማችሁባት ከገባው ነገ ድመትም አይሆንላችሁም።

ምርጫ መስጠት ይረዳል ይባላል፣ እውነት ነው፤ ግን «ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን?» ራሱ መልስ የሚጠይቅ ጫና ነው። ሁለቱን አስቀምጣችሁ ዝም በሉ፤ «ሌላ» የሚል በር ክፍት ይሁን።

ሙገሳም ላይ ተጠንቀቁ። ጫማውን ሲያደርግ «ጎበዝ! አየህ፣ ትችላለህ!» ሲባል የሚሰማው «ነገም ይጠበቅብሃል» የሚለው ነው። የኮከብ ሰንጠረዡም የወደቀው ለዚህ ይመስለኛል። 4 ቀን ያሠራው አዲስነቱ ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ባዶ ሳጥን ግዴታ ሆነ፣ ኮከቡን ማጣትም ሌላ ስጋት። ሥራውን ለራሱ ሳይሆን በእሱ አጠገብ ለሌላ ሰው ማመስገን ይቀላል፦ «ዛሬ በጊዜ ወጣን።» በቃ።

ሰማያዊ_እርሳስ፦
ጆሮ_ዳባ ያለው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን የንግግር ስልት እንደ ብልሃት ከተጠቀምንበት በሳምንት ውስጥ ይነቃበታል፣ 7 ዓመቱ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። መለኪያው ቀላል ነው፦ «እምቢ» ቢል ለመቀበል ዝግጁ ነኝ? ዝግጁ ከሆኑ ለስለስ አድርገው ይበሉት። ካልሆኑ አይሸፍኑት፤ አጭርና ግልጽ የደኅንነት ሕግ አድርገው ይንገሩት።

ጠዋት_ሁለት_ሰዓት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መቁጠሩን ነገ እጀምራለሁ። ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ይሄ ሁሉ ማሞላቀቅ አይሆንም? በጮኸ ቁጥር ከተውንለት መጮህን እያስተማርነው አይደለም?

ቀስ_በቀስ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ «መቼ ተውት?» በሚለው ላይ ነው ያለው። 20 ደቂቃ ታግለው፣ ጮኾ፣ ወርውሮ፣ ከዚያ «በቃ ተወው» ካሉ አዎ፣ ያስተማሩት 20 ደቂቃ መጮህ እንደሚያዋጣ ነው። አንዳንዴ መተው አንዳንዴ መጽናት ደግሞ ይባስ ያጠነክረዋል። ገና ሳይናገሩ «ዛሬ ፀጉሩ አይበጠርም» ብለው ወስነው ፀጉሩን ጨርሶ ካላነሡት ግን የተሸለመ ጩኸት የለም፤ ጩኸቱም አልተፈጠረም። ስለዚህ ደንቡ ከመናገር በፊት መወሰን ነው። ተናግረው ከሆነና ሊፈነዳ እንደሆነ ካዩ በመጀመሪያው ሰበብ ላይ፣ ወሬ ሲቀይር፣ ይተውት። «እሺ፣ ይቆይ» ብሎ መውጣት እዚያ ደረጃ ላይ ርካሽ ነው፣ ከወረወረ በኋላ ግን ውድ።

መቀነስ ማለት ለዘላለም መተው አይደለም። ልጁ ሲረጋጋ በ3 ነገር ይታወቃል፦ ከተናደደ በኋላ ቶሎ ይመለሳል፣ እንቅልፉ ይስተካከላል፣ ራሱ ነገር መጀመር ይጀምራል። ይህን ለ2 ወይም 3 ሳምንት ካዩ ከሁለተኛው ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ ይመልሱ፤ ያውም ደኅና በሚሆንበት ሰዓት እንጂ ጠዋት አይደለም። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከከሸፈ ያለ ምንም አስተያየት ያንሡት። አቅሙ በየቀኑ ይለያያል፤ ሰኞ የቻለውን ሐሙስ ባይችል ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት አይደለም፣ «ትናንት ችለህ ነበር» ማለትም አይጠቅምም።

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መብላት፣ ሰላምታ፣ ፀጉር ማበጠር ይተው ስንል እንቅልፍን ጨምረው እንዳይተው። የእንቅልፍ ሰዓትን እንደ ትዕዛዝ ማወጁን ትተው፣ መብራት በማደብዘዝና ቤቱን ጸጥ በማድረግ ይጠብቁት።

ሦስተኛ_ረድፍ፦
መምህር ነኝ፤ «ትምህርት ቤት ምንም ችግር የለበትም» የሚለው ላይ ልግባ። ጸጥ ያለ ልጅ ለመምህር ስለማያስቸግር አይታይም። ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን አፍነው ይውላሉ፤ የሚፈነዱት የሚያምኑት ሰው ጋ ሲደርሱ ነው። ከክፍል ሲወጣ ያለውን የመጀመሪያ ሰዓት ባዶ አድርጉት። «ዛሬ እንዴት ነበር? ምን ተማርክ?» አይባል። የቤት ሥራውም እዚያ ሰዓት ላይ አይምጣ፤ ጭራሽ እንዲቀንስ ወይም እንዲቀር መጠየቅ ይቻላል።

ለትምህርት ቤቱ «ኦቲዝም አለበት፣ ተረዱት» ብሎ መጻፍ ምንም አያመጣም። የተለዩ 4 ነገሮች ይጠይቁ፦ በሰው ፊት በስሙ ተጠርቶ እንዳይጠየቅ፣ ጥያቄው በወረቀት ይቀመጥለት፤ ከ10 ጥያቄ የፈለገውን 4 መርጦ እንዲሠራ፤ ፈቃድ ሳይጠይቅ መውጣት የሚያስችለው ምልክት ጠረጴዛው ላይ ይኑር፣ የሚሄድበትም ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ (እጅ አውጥቶ ማስፈቀድ ራሱ ለእሱ ግዴታ ነው)፤ ተተኪ መምህር ሲመጣ የሚያነበው የአንድ ገጽ ማስታወሻ ይኑር። የመጨረሻው ይረሳል፤ ብዙው መዘዝ የሚመጣው ግን ተተኪ በገባ ቀን ነው።

ክፍል ውስጥ ከሚሠሩት መካከል የምወደው አንድ ዘዴ አለ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሆን ብሎ ይሳሳታል፤ ልጁ ሲያርም መልሱን እንደሚያውቅ ታየ፣ ማንም ግን አልጠየቀውም።

ሰማያዊ_እርሳስ፦
የወረወረ ዕለት ምን ይደረግ የሚለው ሳይነሣ እንዳይቀር።

ከዚያ በፊት፦ ከባድና ተሰባሪ ዕቃ ከዚያ ክፍል አስቀድሞ ይውጣ። የቅርብ ምልክቶቹን ይወቁ፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ አንድ ቃል ይደጋግማል፣ ጣቱን ይነክሳል፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ አለው።

በዚያን ጊዜ፦ ግዴታው ይነሣ፣ ጮክ ብሎ ሳይታወጅ። ቃል ከ5 አይብለጥ። ከክንዱ መድረሻ ውጭ ይቁሙ፣ ጎን ሰጥተው፣ በሩን ሳይዘጉ፤ መውጫ የሌለው ልጅ ይማታል። ሌሎች ልጆች ከክፍሉ ይውጡ፣ እሱን ማስወጣት አይደለም። ራሱን ወይም ሌላውን በቁም ነገር ሊጎዳ ካልሆነ አይያዝ። «ተረጋጋ» ትዕዛዝ ነው፤ «በረጅሙ ተንፍስ»ም ትዕዛዝ ነው።

ከዚያ በኋላ፦ ውኃ ቅርብ ቦታ አስቀምጠው ይሂዱ። «ምን ሆነህ ነው?» የሚለው ምርመራ ያን ዕለት አይሁን፤ ይቅርታ በግድ ማስባልም እንደዚያው። ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ሰዓታት ሊወስድበት ይችላል፤ ጸጥ አለ ብለው ወደ ጫማው ከተመለሱ ሁለተኛው ይከተላል።

ይህ ሁሉ ባሕርይ ድንገት ከመጣ ወይም ድንገት ከባሰ ግን ሐኪም ይቅደም፦ ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሆድ ድርቀት። ሕመሙን በትክክል የማይገልጽ ልጅ በእምቢታ ነው የሚገልጸው። ክብደት ከቀነሰ፣ መጠጣት ካቆመ፣ ሽንቱን ቀኑን ሙሉ ከያዘ፣ ራሱን ከጎዳ «የግዴታ ሽሽት ነው» ብሎ መጠበቅ የለም።

ጠዋት_ሁለት_ሰዓት፦
የደኅንነት ዝርዝሬን 4 አደረስኩት፤ የመኪና ቀበቶ አንዱ ነው። በየቀኑ የሚያጣላን ግን እሱ ነው። የማይቀር ግዴታ ከሆነ እንዴት ይባላል?

ሰማያዊ_እርሳስ፦
መጀመሪያ ቀበቶው አንገቱ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ይመልከቱ። መቀመጫው ለቁመቱ ትክክል ይሁን፣ ጠርዙ የሚፈገፍገው ከሆነም ስለሚፈቅደው የቀበቶ ልባስ የመቀመጫውን መመሪያ ይዩ። ከዚያ ሕጉን ከእርስዎ አፍ አውጥተው ለመኪናው ይስጡት፦ «ቀበቶ ካልታሰረ መኪናው አይነሣም።» አንዴ ብቻ፣ በተለመደ ድምፅ። ሞተሩ ጠፍቶ ይቆይ፤ እርስዎ ወደ ፊት ዞረው ስልክዎን ይዩ ወይም ወረቀት ያንብቡ፣ በመስታወቱ አይከታተሉት። የእርስዎን ቀበቶ እሱ እንዲያስርልዎ መተውም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለዚህ ከመነሻ ሰዓትዎ 15 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከረፈደብዎ ጥድፊያው በድምፅዎ ውስጥ ይሰማዋል። መንገድ ላይ ከፈታው ለመቆም ምቹ ቦታ ይፈልጉና ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ምንም አይናገሩ። ሲያስር ይነሡ፣ «ጎበዝ» ሳይሉ።